ግልባጭ አንድ፣ ግልባጭ ሁለት

ሰው ጥፋት ካጠፋ ትልቅ ጥፋት ቢያጠፋ ይሻለዋል። ቢያንስ ሲወቅሱት ምን እንዳደረገ ያውቃል፤ ይቅርታ ሲጠይቅም ለጥፋቱ ስም አለው። የእኔ ጥፋት አራት ትንንሽ ምልክቶች ናቸው። ያውም በገዛ ሙያዬ፣ ያውም በየሳምንቱ ለተማሪ በማስተምረው ነገር! ዛሬም ዕቃ ሳጥብ ወይም ታክሲ ስጠብቅ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል። "አይ አንቺ ሴትዮ!" እላለሁ ጮክ ብዬ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳላይ።

ሥራዬ ኖታ መጻፍ ነው። ዓለም ባንክ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ መኝታ ቤቴ ውስጥ አንድ ኪቦርድና አንድ ላፕቶፕ አለኝ። ዜማ ያለው ሰው በስልኩ አንጎራጉሮ ይልክልኛል፤ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የኖታ ፕሮግራም አስገብቼ ለእያንዳንዱ መሣሪያ አከፋፍዬ እሰጠዋለሁ። በተረፈኝ ጊዜ አስተምራለሁ። ጎረቤቶቼ ሥራዬ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ በደንብ አልገባቸውም። ከሥሬ የሚኖሩት ሴትዮ አንድ ቀን ደረጃ ላይ አስቁመውኝ፣ "ልጄ፣ አንዷን ቦታ ብቻ ደጋግመሽ የምትመቺው ቀጣዩ ጠፍቶብሽ ነው?" ብለውኛል።

ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ ከኮንዶሚኒየማችን ጀርባ ካሉት የግቢ ቤቶች በአንዱ ነበር የሚኖሩት። እትዬ የስኳር ሕመምተኛ ስለነበሩ ከፋርማሲ የሚፈልጉት ነገር ሲኖር ወደ አየር ጤና ስወርድ ይዤላቸው እመጣለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ሳልቀመጥ አይለቁኝም። እንዲህ እንዲህ እያልን ቤተሰብ ሆንን። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ በጦር ሠራዊት ማርሽ ባንድ ውስጥ ቱባ ሲነፉ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ቱባ ማለት ያ ትልቁ የናስ መሣሪያ ነው፣ ጭን ላይ ተቀምጦ አፉን ወደ ላይ የሚከፍተው። ሥራው ባስ፣ ማለትም ከሁሉ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ፣ መያዝ ነው። ሌሎቹ ዜማ ሲጫወቱ፣ ሲዘፍኑ፣ ሲያጌጡ፣ ቱባው ከታች ሆኖ "ቡም… ቡም…" ይላል። በቃ። ባይኖር ሁሉም ነገር ይፈርሳል፤ ሲኖር ግን ማንም ዞር ብሎ አያየውም።

እትዬ በዚህ ነገር ጋሼን ሲተርቡ አንደኛ ነበሩ። "ይሄን ሁሉ ዓመት ሲነፋ አንድ ቀን ዜማ ሲጫወት ሰምቼው አላውቅም!" ይሉኝ ነበር፣ ጋሼ እዚያው ተቀምጠው። "ቡም ቡም ብቻ! የጎረቤት ሰው 'ባልሽ ምን ይጫወታል?' ሲለኝ ምን ልበል? ሰርግ ላይ ከበሮ የሚመታው እንኳ ከሱ የተሻለ ይጨፈርለታል።"

ጋሼ ይስቃሉ። "ቆይ አንድ ቀን ትሰሚያለሽ" ይላሉ።

ይህ "አንድ ቀን" ቀልድ አልነበረም። ጋሼ በወጣትነታቸው አንድ ሙዚቃ ደርሰው ነበር። በሕይወታቸው የደረሱት እሱን ብቻ ነው። በዚያ ሙዚቃ ውስጥ ባሱ ቡም ቡም ማለቱን ትቶ ራሱን የቻለ ዜማ ይጫወታል። ለባንዱ መሪ ይዘውት ሄዱ፤ መሪው ገና አንዴ ከማየቱ "ባስ ዜማ አይጫወትም፤ ሂድና ቦታህን ያዝ" ብሎ ወረቀቱን መለሰላቸው። ጋሼም ቦታቸውን ያዙ፤ እስከ ጡረታቸው ድረስ ያዙት። እትዬ ግን ያንን መሪ ይቅር አላሉትም። ባላቸውን እሳቸው ይተርቧቸው እንጂ ሌላ ሰው ሲነካባቸው አይወዱም። "ያ ሰውዬ! ያ ምቀኛ! የኔን ሰው ሙዚቃ በእንጭጩ ቀጨብን እኮ!" ይላሉ። ሙዚቃውን ግን ሰምተውት አያውቁም። እንዴት ይስሙት? አንድ ቱባ ብቻውን ሙዚቃ አይሆንም። ሥራውን ሳይሰማ የሚሟገትለት እንዲህ ያለ ጠበቃ ያለው ስንቱ ነው?

አንድ ጠዋት ጋሼ በላስቲክ የታሸገ አንድ ወረቀት ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጡ። ሲያለከልኩ ቁጭ አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው።

"ልጄ፣ አንቺ ኖታ በኮምፒውተር ትጽፊ የለ?"

"አዎ ጋሼ።"

"እንግዲያው ይቺን ጻፊልኝ።"

ወረቀቱ ያ ሙዚቃ ነበር። ለየመሣሪያው የተጻፈው ሙሉው ኖታ ቤት ሲቀይሩ ጠፍቶ የቀረችው ይቺ አንድ ቅጠል ናት፤ ዜማው ከላይ፣ የኮርዶቹ ስም ከሥር። የድሮ ባልደረቦቻቸው ከሦስት ሳምንት በኋላ በኮልፌ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሊሰባሰቡ ነው፤ እዚያ አካባቢ ናስ የሚለማመዱ ስምንት ወጣቶች ደግሞ አንድ ሙዚቃ እንጫወትላችኋለን ብለዋል። ጋሼ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ መጻፍ ትተዋል፤ ጥርሳቸው ካለቀ ወዲህ ቱባም ትተዋል።

"እኔስ በጭንቅላቴ እሰማዋለሁ" አሉኝ። "እሷ እንድትሰማው ነው። ዓይኗ ደክሟል፤ እግሯም እንደምታዪው ነው። ጆሮዋ ግን ገና ደህና ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ትስማው። ከዚያ በኋላ እንኳን መተረብ፣ ብትደበድበኝም ግድ የለኝም።"

እኔም ምን አልኩ? "ጋሼ፣ ይሄማ የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው!" አልኩ። አፌን በቆረጠው።

ኮርድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገረው፤ ካልነገርኩት ጥፋቴ አይገባውም። ኮርድ ማለት ሦስት ድምፅ አንድ ላይ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶል ብትይዝ የዶ ኮርድ ይባላል፤ ዶ ሥሩ ነው። የኖታ ፕሮግራሙ ላይ ዜማውን አስገብቼ ከሥሩ "ዶ ኮርድ" ብዬ ከጻፍኩ፣ ባሱን ራሱ ያወጣልኛል። ሌላ ነገር ካልነገሩት ሁልጊዜ ሥሩን ነው ባስ ላይ የሚያስቀምጠው። የዶ ኮርድ ከሆነ ባሱ ዶ ይላል፤ የሶል ኮርድ ከሆነ ሶል ይላል። እኔም ደስ ይለኛል። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ አይደል የሚባለው?

የጋሼ ወረቀት ላይ ስምንት ባር፣ ማለትም ስምንት የምት ክፍል፣ የሆነ ሐረግ አለ፤ ሙዚቃው ሁሉ በእሱ ላይ ነው የሚመላለሰው። ኮርዶቹ በቅደም ተከተል ዶ፣ ሶል፣ ላ ማይነር፣ ዶ፣ ፋ፣ ዶ፣ ሶል፣ ዶ ናቸው። በጣም ተራ። ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ላይ የሚሠራ ነገር። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ንቄያቸዋለሁ። "ለዚህ ነው ይሄ ሁሉ ዓመት?" ብያለሁ በሆዴ። በአራቱ ኮርዶች ጎን ግን ትንንሽ ምልክቶች ነበሩ። ሁለተኛው ላይ "ግ1"፣ አራተኛው ላይ "ግ2"፣ ስድስተኛው ላይ "ግ1"፣ ሰባተኛው ላይ "ግ2" ይላል።

ግ ምንድን ነው? ትንሽ አሰብኩና ገባኝ። ወይም የገባኝ መሰለኝ። አንድ ጊዜ ወረዳ የሄደ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ የየደብዳቤው ግርጌ ላይ "ግልባጭ" ተብሎ ቅጂው ለማን ለማን እንደሚሄድ ይዘረዘራል። ባንዱ ውስጥ ደግሞ አንደኛ ትራምፔትና ሁለተኛ ትራምፔት አለ። እንግዲህ ጋሼ "ይሄ ባር ለአንደኛው ይገልበጥ፣ ይሄኛው ለሁለተኛው ይገልበጥ" ማለታቸው ነው። የወታደር ቤት ሰው አይደሉ? በደንብ ነው የጻፉት! አልኩ።

እንዲያውም አልጠየቅሽም እንዳልባል ጠይቄያለሁ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል፤ እኔ ግን የጠየቅኩት ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ ከጦር ኃይሎች ወደ አየር ጤና ስመለስ፣ በስልክ ነው።

"ጋሼ፣ እነዚህ 'ግ' የሚሉት… ግልባጭ ማለት ነው አይደል?"

"እ? አልሰማሁሽም!"

"ግልባጭ! ግልባጭ አንድ፣ ግልባጭ ሁለት!"

"እሰይ! ጎበዝ! ማን ነገረሽ? እኔ እኮ የድሮ ሰው ብቻ የሚያውቀው መስሎኝ ነበር!"

"ይሄማ ማን ይጠፋዋል ጋሼ! እገለብጣቸዋለሁ።"

"ገልብጪያቸው ልጄ። አራቱንም! እንዳትረሺ፣ ካልተገለበጡ ሙዚቃው የለም!"

"ሐሳብ አይግባዎት! ሁሉንም ገልብጬ ነው የማስረክብዎት!"

ከጎኔ የተቀመጡት እናት ዞር ብለው አዩኝ። "ምኑን ነው የምትገለብጪው? መኪናውን እንዳይሆን ብቻ" አሉ። ታክሲው ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ካልተገለበጡ ሙዚቃው የለም ያሉትን ቃል ያኔ ቆም ብዬ ባስበው ኖሮ! አንድ ተራ ነገር ለሁለተኛ ትራምፔት ቢቀዳ ባይቀዳ ሙዚቃ ይኖራል ይጠፋል? ግን እኔ እቸኩላለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔስ አፍስሼ የምለቅመውም አላገኘሁ።

ቤቴ ገባሁ፣ ጻፍኩ፣ ገለበጥኩ። በአራቱ ባሮች ላይ ዜማውን ለአንደኛና ለሁለተኛ ትራምፔት በየተራ ቀዳሁላቸው። ባሱን ፕሮግራሙ ከየኮርዱ ሥር አወጣልኝ። የማጫወቻውን ቁልፍ ስጫን እነዚያ ባሮች ላይ ትራምፔቶቹ ተደራርበው ይጮኻሉ። "የማርሽ ሰው ናቸው፣ ጩኸት ይወዳሉ" ብዬ አለፍኩት። ባሱ ደግሞ ከዶ ወደ ሶል፣ ከሶል ወደ ላ እየዘለለ ቡም፣ ቡም ይላል። ባሱ ዜማ የሚጫወትበት ሙዚቃ ነው ተብዬ ባሱ ቡም ቡም ሲል እየሰማሁ አላቃጨለብኝም! ያረጁ ሰው ናቸው፣ ትዝታ አሳምሮባቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ጥፋቱን በእሳቸው እርጅና ላይ አሳበብኩት።

ጋሼ ደግሞ ከዝግጅቱ ሦስት ቀን በፊት መጥተው "ትንሽ ላድምጠው ወይ?" ብለውኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ክፍት ነው። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። እኔ ግን "አይሆንም ጋሼ! ሰርፕራይዝ ይሁንልዎት!" ብዬ በሩ ላይ መለስኳቸው። እየሳቁ ሄዱ። ይቺን ሳስታውስ ከሁሉም በላይ ይቆጨኛል። በእጄ የነበረውን ነገር ነው በሳቅ የመለስኩት።

ቀኑ ደረሰ። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ሽማግሌዎቹ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ አንዳንዱ ሜዳሊያውን ደርድሮ መጥቷል። እትዬን ከኮንትራት ታክሲ ያወረድናቸው ጋሼና እኔ ሆነን ነው፤ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል፤ ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። መጀመሪያው ረድፍ ላይ አስቀመጥናቸው። "የት ነው ያለው ያ ባስ የሚሉት?" አሉኝ። ቱባ የያዘውን ወጣት አሳየኋቸው። "እሱን ነው የምሰማው፤ ሌላውን ምን አገባኝ" አሉና ጆሯቸውን ወደዚያ አዞሩ።

እኔ ነኝ የመራሁት። ልጆቹ በደንብ ተጫወቱ፤ እነሱን አልወቅስም፤ የተሰጣቸውን ነው የነፉት። ስጀምር ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው በግራ እግራቸው ምት ይመቱ ነበር። ሁለተኛው ባር ላይ እግራቸው ቆመ። አይቻለሁ። ስሜት ውስጥ ገቡ ብዬ አሰብኩ። ዓይናቸውን ገልጠው ወረቀቴን አዩ፣ ከዚያ እኔን አዩ፣ ከዚያ እትዬን አዩ። እስከ መጨረሻው ድረስ እትዬን እያዩ ቀሩ።

ሲያልቅ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። የድሮ ባልደረባ አይደሉ፣ ለወዳጃቸው ያላጨበጨቡ ለማን ያጨብጭቡ? እኔ እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። የምሬን ነው፤ በደስታ ነው ያለቀስኩት። አንድ ትልቅ ሰው የዕድሜ ልክ ምኞቱን በእኔ እጅ አገኘ ብዬ። ጋሼ መጡና ግንባሬን ሳሙኝ። "እጅሽ ይባረክ ልጄ። ደክመሻል" አሉኝ። እትዬም እጄን ጨብጠው "ደስ ይላል፣ ደስ ይላል" አሉ። ሁለት ጊዜ ብቻ። ከእትዬ አፍ ሁለት ቃል ብቻ ሲወጣ የሆነ ነገር እንዳለ ማወቅ ነበረብኝ፤ ግን ሰዉ ፎቶ እንነሳ እያለ ይጎትተኛል።

ከዚያ በኋላ ጋሼ ስለ ሙዚቃው አንስተው አያውቁም። ኖታውን በጥሩ ወረቀት አሳትሜ፣ በመስተዋት ፍሬም አድርጌ ላመጣላቸው ፈልጌ ስጠይቃቸው "አንቺ ጋ ይቀመጥ ልጄ፣ እኛ ቤት ግድግዳ የለም" አሉ። ግድግዳ የሌለው ቤት አለ? ከፋኝ። ኧረ ተቀይሜያቸውም ነበር። ሁለት ሳምንት ያህል ወደዚያ አልሄድኩም። ለማን ብዬ ነው የምለፋው አልኩ። እንግዲህ የእኔን ድፍረት እዩልኝ፤ በዳይዋ እኔ፣ አኩራፊዋም እኔ!

በሚቀጥለው ክረምት እትዬ ዐረፉ። ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን አብሬ ተቀመጥኩ፤ ንፍሮ አቀረብኩ፤ ሰው ሸኘሁ። ጋሼ ለመጣው ሁሉ እየተነሱ ያመሰግናሉ፤ ሲቀመጡ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያደርጋሉ።

ከዚያ አንድ ዓመት አለፈ። አንዲት ባንክ የምትሠራ ተማሪ አለችኝ፤ ትልቅ ሰው ናት፤ ለራሷ ደስታ ነው የምትማረው። አንድ እሑድ የኮርድ ኢንቨርዥን እያስተማርኳት ነበር። ኢንቨርዥን ማለት ያንኑ ኮርድ ሥሩን ባስ ላይ ሳያደርጉ መያዝ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶል ላይ ዶን ከታች ታነሺና ከላይ ታስቀምጪዋለሽ፤ ሚ ከታች ትቀራለች። ይሄ አንደኛው ነው። ሚንም ብታነሺያት ሶል ከታች ይቀራል። ይሄ ሁለተኛው ነው። ኮርዱ ያው ነው፤ ባሱ ግን ይቀየራል። ፕሮግራሙ ላይ ኮርዱን መርጠሽ አንዷን ቁልፍ አንዴ ስትጫኚ አንደኛው፣ ሁለቴ ስትጫኚ ሁለተኛው ይመጣል።

ተማሪዬ ማስታወሻዋን እየጻፈች ቀና አለች። "ኢንቨርዥንን በአማርኛ ምን ልበለው ቲቸር?"

እኔም ሳላስብ፣ "መገልበጥ በይው እንጂ፤ ያው ላዩ ታች ሲሆን አይደል? ግልባጭ በይው። ግልባጭ አንድ፣ ግልባጭ ሁለ…"

አልጨረስኩትም።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ። ፊቴ ምን እንደመሰለ አላውቅም። ውሃ ልታመጣልኝ ተነሳች።

እኛ ትምህርት ቤት ሁሉንም ነገር በእንግሊዝኛ ነው የተማርነው። እነ ጋሼን ያስተማሯቸው ሰዎች ግን ለወታደር እንዲገባው እያንዳንዱን ነገር አማርኛ አድርገውለት ነበር። ያቺ የማርሽ ባንድ ቃል ናት እኔ የወረዳ ደብዳቤ ያደረግኋት። ጋሼ ስልኩ ላይ "ማን ነገረሽ?" ብለው እንደዚያ የተደሰቱት ለካ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ያገኙ መስሏቸው ነው። "ገልብጪያቸው" ሲሉኝ እኔ እየቀዳሁ ነበር።

ተማሪዬን ይቅርታ ጠይቄ ሸኘኋት። የድሮውን ፋይል ከፈትኩ። ሁለተኛውን ኮርድ መረጥኩ፣ ቁልፉን አንዴ ተጫንኩ። አራተኛውን ሁለቴ። ስድስተኛውን አንዴ። ሰባተኛውን ሁለቴ። ያለ ቦታው የቀዳሁትን ትራምፔት አጠፋሁ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም። ከዚያ የማጫወቻውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ባሱ ዶ አለ። ከዚያ ሲ፣ ላ፣ ሶል፣ ፋ፣ ሚ፣ ሬ፣ ዶ። አንድ እንኳ ሳይዘል፣ እያንዳንዱን እየረገጠ፣ እንደ አዋቂ ሰው ዝግ ብሎ ደረጃውን ወረደ። ላይ ያለው ዜማ ደግሞ ለካ እንዲያ ተራ የሆነው አውቆ ነው፤ ባሱ እንዲያልፍ መንገድ እየለቀቀለት ነው። ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ውብ ነገር ነው በእጄ ያበላሸሁት? ኪቦርዱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ የአሁኑ ለቅሶ እንኳን ከደስታ ጋር ዝምድና አልነበረውም።

በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፑን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳልጨርስ "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሰማዎት" አልኩና ኮምፒውተሩን አጠገባቸው በርጩማ ላይ አድርጌ ከፈትኩት።

ሁለተኛው ባር ሲመጣ ቀና አሉ። ከዚያ ከባሱ ጋር በቀጭን ድምፅ ማንጎራጎር ጀመሩ፤ እስከ መጨረሻው ሄዱ።

"ይሄ ነው" አሉ።

"ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም? ያን ቀን ለምን አልተቆጡኝም?"

"ምን ብዬ ልጄ? ቆመሽ እያለቀስሽ ነበር እኮ። ሰው ሁሉ ያጨበጭብልሻል። ደግሞ በስልክ 'እሰይ፣ ገልብጪያቸው' ያልኩሽ እኔ ነኝ። አስረድቼ መንገር ነበረብኝ።"

ይባስ ብለው ጥፋቱን ሊካፈሉኝ! አልቻልኩም፤ እግራቸው ሥር ወደቅሁ። "ኧረ ተይ፣ ተነሺ፣ ተነሺ" እያሉ ትከሻዬን ያዙኝ።

"ልጆቹን እሰበስባለሁ" አልኳቸው። "በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እንጫወተዋለን። ያንኑ አዳራሽ እለምናለሁ። ሰው ሁሉ እንዲመጣ አደርጋለሁ።"

"ለማን ብለሽ ልጄ?" አሉኝ። ሊወቅሱኝ አይደለም፤ የእውነታቸውን ነው የጠየቁኝ።

መጠየቅ እንደሌለብኝ እያወቅሁ ጠየቅኋቸው። "እትዬስ? ያን ቀን ምን አሉ?"

ጋሼ መልስ ከመስጠታቸው በፊት ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

"ታክሲው ውስጥ ስንገባ 'እንግዲህ ይሄ ነው?' አለችኝ። 'አዎ፣ ይሄ ነው' አልኳት። 'አይ፣ ተበላሽቶ ነው' ብላት ማንን ነው የምትቀየመው? አንቺን። እሷ ደግሞ ቂም ከያዘች አትለቅም፤ ታውቂያታለሽ። ሕመምተኛ ናት፤ ከእኔ ሌላ ያለቻት ሰውም አንቺ ብቻ ነበርሽ። እና 'ይሄ ነው' አልኳት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ እጄን ያዘችኝ። ዓለም ባንክ እስክንደርስ አለቀቀችኝም። ስንወርድ፣ 'አይዞህ' አለችኝ። 'ያ ሰውዬ ለካ እውነቱን ነበር። እኔ በከንቱ ነው ስረግመው የኖርኩት' አለችኝ።"

የባንዱ መሪ እውነቱን አልነበረም። እንዳልነበረ ማስረጃው በርጩማው ላይ፣ ክፍት ኮምፒውተር ውስጥ ነበር። እትዬ ግን ባላቸው ተሳስተው እንደነበር አምነው፣ አይዞህ ብለው፣ ይቅር ብለዋቸው ሄዱ። ጋሼን የገዛ ሥራቸው ሳያሳፍራቸው፣ እኔ በሠራሁት አሳፈርኳቸው፤ ያውም ሙዚቃቸውን ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ በሰሙት በእትዬ ፊት።